ልጄ ለማስተርስ ወደ ሴኡል ልትሄድ ነው፣ ዶርም አላገኘችም፤ ምን ላስይዛት፣ ምን ልንገራት?

የኮዬዋ እናት፦

ሰላም ልጆች። ያለነው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ሴኡል የማስተርስ ዕድል አግኝታ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ትበራለች። የትምህርቱ ክፍያና የኪስ ገንዘቡ ተሸፍኗል፣ የዩኒቨርሲቲው ዶርም ግን ሞልቷል ስላሏት ውጭ ተከራይታ ነው የምትኖረው። እሷ በስልኳ የምታየው ሁሉ ካፌና የልብስ ሱቅ ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝ ኑሮው ነው። ቤት እንዴት ነው የሚከራዩት? ጎረቤቴ ደግሞ «ቆሻሻ በሌላ ፌስታል ከጣለች ትቀጣለች» ብሎኛል፣ እውነት ነው? ትንሿን የኤሌክትሪክ ምጣድ ላስይዛት ወይስ ትቅር? ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቅቤና ቋንጣ አዘጋጅቻለሁ። ብትታመምስ ወዴት ትሄዳለች? ደግሞ ሌሊት እንዳልቀሰቅሳት በስንት ሰዓት ልደውል? እባካችሁ የምታውቁትን ብቻ፣ ግን በዝርዝር።

ሀን ወንዝ፦

እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ከቀላሉ ልጀምር። ሴኡል ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ይቀድማል፤ እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከፈረንጁ 6 ዝቅ አድርገን ነው። ስለዚህ ግድግዳዎ ላይ ያለው ሰዓትና እሷ ክፍል ያለው ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ቁጥር ያሳያሉ። እርስዎ ጋ ከጠዋቱ 3 ሲሆን እሷ ጋ በእነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 3 ነው። እርስዎ ጋ ማታ 3 ሲሆን ግን እሷ ጋ ሌሊት 3 ነው፣ ያኔ አይደውሉ። ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ባለው ከደወሉ አይሳሳቱም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እዚያ አገር ሁሉም ነገር የሚከፈተው በውጭ ዜጋ መታወቂያ ካርድ ነው። በገባች በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ግዴታዋ ነው፣ ግን 90 ቀን አለኝ ብላ እንዳትቀመጥ። ቀጠሮ የሚያዘው «ሃይኮሪያ» በሚባለው የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ሲሆን ሴሚስተር ሲጀመር ቀጠሮው ይሞላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪዎቻቸውን በቡድን ያስመዘግባሉ፤ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ የሚልክላትን ኢሜይል ትከታተል። የምትይዘው ፓስፖርት፣ 3.5 በ4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ጀርባ ያለው ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የምትኖርበትን አድራሻ የሚያሳይ ውል ወይም የአከራይ ማረጋገጫ ነው። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከሚጠየቅባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ለቪዛ ያሠራችውን ውጤት ቅጂ በእጅ ሻንጣዋ ታድርገው። እንደገና ካሉ የየወረዳው ጤና ጣቢያ ይሠራዋል፣ «ቦጎንሶ» ይሉታል።

ካርዱ እስኪወጣ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ በፓስፖርት የሚሸጥ ቅድመ ክፍያ ሲም ትጠቀም፤ ይደውላል፣ ኢንተርኔት አለው፣ ማንነት ማረጋገጥ ግን ብዙውን ጊዜ አይችልም። ካርዱ ሲመጣ መጀመሪያ በስሟ ቋሚ የስልክ መስመር፣ ከዚያ ባንክ። ባንኩን ካስቀደመች ስልኩ ሲቀየር ተመልሳ ቁጥር ልታስቀይር ነው።

እዚህ ላይ አበሻን የሚያንገላታው ስም ነው። የእኛ ሦስት ስም ረጅም ነው። የባንኩ ሠራተኛ አያይዞ ይጽፈዋል፣ የስልኩ ሱቅ ለያይቶ ይጽፈዋል፣ ሌላው መጨረሻውን ይቆርጠዋል። በኋላ አፕ ላይ ማንነቷን ለማረጋገጥ ስትሞክር ስሞቹ ስለማይገጥሙ አይቀበላትም፤ ምግብ ማዘዝ፣ ኦንላይን መግዛት፣ የባቡር ትኬት ሁሉም ይቆማል። መፍትሔው የትም ስትሄድ ካርዱን አሳይታ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ክፍተት እንዲጻፍ ማድረግና ከመፈረሟ በፊት ስክሪኑን ማየት ነው።

አዲስ የባንክ ሂሳብ ገደብ አለበት፦ በአፕና በኤቲኤም በቀን 1 ሚሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ)፣ በመስኮት 3 ሚሊዮን ዎን። የቤት ማስያዣ በአንድ ጊዜ አስተላልፋለሁ ብላ የውል ቀን ከቀጠረች ትሸማቀቃለች፤ አስቀድማ ባንኩን ትጠይቅ።

ጉግል ማፕ እዚያ የእግር መንገድ በደንብ አይመራም። «ናቨር ማፕ» ወይም «ካካኦ ማፕ» ትጫን፣ ሁለቱም እንግሊዝኛ አላቸው።

ሰበታ ሲንቾን፦

የቤቱን እኔ ልመልስ። ለተማሪ በተግባር ሁለት ምርጫ አለ።

አንደኛው ጎሺዎን ነው። አልጋና ጠረጴዛ ብቻ የሚይዝ ጠባብ ክፍል፣ ወጥ ቤቱ የጋራ፣ ሻወሩ አንዳንዱ የግል አንዳንዱ የጋራ። ማስያዣ የለውም ወይም ትንሽ ነው፣ በወር ወር ይከፈላል፣ መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔት ውስጡ ነው፣ ብዙዎቹ ሩዝና ኪምቺ (በቃሪያ የቦካ ጎመን) በነጻ ያስቀምጣሉ። ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ከ350,000 እስከ 550,000 ዎን ገደማ ይገኛል። መስኮት የሌለው ይረክሳል፣ ግን አይግቡበት፤ በክረምታቸው፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ ልብስ አይደርቅም፣ በበጋቸው፣ በሙቀቱ ወራት፣ ይሻግታል።

ሁለተኛው «ዎንሩም» የሚሉት ስቱዲዮ ነው። ወጥ ቤቱም ሻወሩም የራሷ። ኪራዩ ከ500,000 እስከ 800,000 ዎን፣ ላዩ ላይ የጋራ አገልግሎት መዋጮ አለ። ከባዱ ማስያዣው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ዎን። ውሉ ሲያልቅ ይመለሳል፣ ግን እንዲመለስ አራት ነገር መደረግ አለበት። የቤቱ የባለቤትነት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በ700 ዎን ይታያል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነና ቤቱ በባንክ ብድር ተይዞ እንደሆነ ይጽፋል፣ ብድሩ ከቤቱ ዋጋ ጋር ከተቀራረበ ትለፈው። ገንዘቡ የሚገባው መዝገቡ ላይ ስሙ ባለው ሰው ሂሳብ ብቻ ነው፣ በደላላው ሂሳብ አይሆንም። ከገባች በሁለት ሳምንት ውስጥ የአድራሻ ለውጧን ታስመዝግብ። በዚያው ቀን ቀበሌያቸው ውሉ ላይ የቀን ማኅተም እንዲያደርግላት ትጠይቅ፣ «ህዋክጆንግ ኢልጃ» ይባላል። ቤቱ በዕዳ ቢሸጥ እነዚህ ሁለቱ ናቸው ተራ የሚያስይዟት።

ቤት ስታይ ቧንቧውንና ሻወሩን አንድ ላይ ትክፈት፣ ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጋ ግድግዳውን ትመልከት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ ክፍል «ባንጂሃ» ይባላል፣ ርካሽ ነው፤ በ2022 የነሐሴ ዝናብ ሴኡል ውስጥ ሰው የሞተው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ጣሪያ ላይ የተሠራው ደግሞ በበጋ ይጠብሳል፣ በክረምት ያደርቃል።

የእኔ ሐሳብ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጎሺዎን፣ ከዚያ ካርድና ባንክ ሲኖራት ዎንሩም። ካገር ቤት ሆኖ በፎቶ ብቻ ውል መፈራረም አይታሰብም።

ቢጫ ከረጢት፦

ጎረቤትዎ አልዋሸም። ሕጉ እስከ 1 ሚሊዮን ዎን ቅጣት አለው። እኛ ጋ ማኅበሩ መጥቶ ሁሉንም በአንድ ማዳበሪያ ጠቅጥቆ ይወስዳል፤ እዚያ ማንም አይለይልሽም፣ የምትለዪው አንቺ ነሽ በሏት።

አጠቃላይ ቆሻሻ የሚጣለው በየክፍለ ከተማው በታተመ ከረጢት ብቻ ነው። ከረጢቱ ሱፐርማርኬትና 24 ሰዓት ሱቅ ካሸሩ ጋ ይሸጣል፤ 20 ሊትሩ ሴኡል ውስጥ አብዛኛው ቦታ 490 ዎን ነው። የቆሻሻ ግብሩ የሚከፈለው በከረጢቱ ዋጋ ውስጥ ስለሆነ በተራ ፌስታል መጣል ሳይከፍሉ መጣል ነው፤ ቅጣቱ ከዚህ ይመጣል። የአንዱ ክፍለ ከተማ ከረጢት ሌላው ጋ ስለማይሠራ ቤት ልትቀይር ስትል አታከማች።

የምግብ ትራፊ የራሱ ትንሽ ከረጢት አለው። በአፓርታማዎች ደግሞ ካርድ ነክቶ የሚመዝን ማሽን አለ፣ በክብደት ያስከፍላል፤ ስለዚህ ውኃውን አጥልሎ መጣል ነው። የምግብ ትራፊው ለእንስሳት መኖና ለማዳበሪያ ስለሚሄድ እንስሳ የማይበላው አይገባበትም። አበሻ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዶሮ ወጥ ከሠራች አጥንቱ፣ የእንቁላሉ ቅርፊት፣ የሽንኩርቱና የነጭ ሽንኩርቱ ልጣጭ ሁሉም ወደ አጠቃላይ ቆሻሻ ነው የሚሄደው። የቡና አተላም እንደዚሁ። የተረፈው እንጀራና ወጥ ነው የምግብ ትራፊ የሚባለው።

ላስቲክ፣ ካን፣ ጠርሙስና ወረቀት ታጥቦ ተለይቶ ይወጣል። ቀለም የሌለው የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወረቀቱ ተልጦ፣ ተጨፍልቆ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ለብቻው። በርበሬ የቀባው ዕቃ ካልጸዳ ሪሳይክል አይደለም፣ ወደ አጠቃላዩ ይግባ። የምግብ ዘይት ማጠቢያ ውስጥ አይደፋም።

የሚወጣው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ፣ ብዙ ሰፈር በእነሱ ከምሽቱ 6 ወይም 8 ጀምሮ፣ በተወሰኑ ቀናት ነው። ቀኑ እንደየሰፈሩ ስለሚለያይ የገባች ቀን አከራይዋን ጠይቃ በር ላይ ትለጥፈው። ፍራሽ፣ ወንበር፣ ሻንጣ ያለ ስቲከር አይወጣም፤ ስቲከሩ ከቀበሌው ወይም ከክፍለ ከተማው ድረ ገጽ ይገዛል።

ኤርሾ፦

እትዬ፣ ቅቤውንና ቋንጣውን ከሻንጣው ያውጡት። የእንስሳት ተዋጽኦ ያለ ጤና ማረጋገጫ ማስገባት ክልክል ነው፣ ሳያሳውቁ ከተያዘ ቅጣቱ እስከ 10 ሚሊዮን ዎን ይደርሳል። ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ተፈጭተው ያለቁ ስለሆኑ ይሻላሉ፤ ቢሆንም በማሽን የታሸጉና ላያቸው ላይ በእንግሊዝኛ ምንነታቸው የተጻፈ ይሁኑ፣ የጉምሩክ ቅጹ ላይም ታስመዝግባቸው። በፌስታል የታሰረ ስም የሌለው ዱቄት ለጉምሩክ ሰው ጥያቄ ነው። ኮረሪማና አብሽ ፍሬያቸውን ሳይሆን አስፈጭተው ይላኩ፤ ጥሬ ምስርና ባቄላ አያስፈልግም፣ ኢቴዎን በሚባለው ሰፈር መስጊዱ አካባቢ ባሉት የውጭ ምግብ ሱቆች ምስር ሞልቷል። ጫት ደግሞ «ለጓደኛ አድርሺልኝ» የሚል ሰው ካለ እንዳትነካ፤ እዚያ በአደገኛ ዕፅ ሕግ ነው የሚያስከስሰው።

ቅቤውን እዚያው ታንጥረው። 450 ግራም ጨው የሌለው ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ግማሽ ማንኪያ አብሽ፣ ጥቂት በሶብላና ቆሰረት፣ በዝቅተኛ እሳት 30 ደቂቃ ያህል። አረፋው ሲጠራና ታቹ ወርቃማ ሲሆን ማጥለል።

ምጣዱ ይቅር። ኮሪያም እንደኛው 220 ቮልት ነው፣ ሶኬቱም ያው ሁለት ክብ ጥርስ ነው፣ ስለዚህ የስልክ ቻርጀር ያለ አዳፕተር ይገባል። ችግሩ ጉልበቱ ነው። ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፣ በዲቫይደር ከሰካችው ዲቫይደሩ ይቀልጣል፣ በጎሺዎን የፎቁ ሁሉ ብሬከር ይወርዳል። የመኖሪያ ቤት መብራት ዋጋም በሦስት እርከን ይወጣል፦ እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ እስከ 400፣ ከዚያ በላይ፤ በጁላይና በኦገስት ብቻ እርከኑ ወደ 300 እና 450 ይሰፋል። ይልቅ 28 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር የማይያዝ መጥበሻ ከነመስታወት ክዳኑ እዚያ ትግዛ። ምድጃው ኢንዳክሽን ከሆነ ታቹ ማግኔት የሚስብ መሆኑን ትይ። ጀበናም ኢንዳክሽን ላይ አይሞቅም፣ ሸክላ ነውና።

ሊጡን ለአንድ ሰው፦ 500 ግራም ዱቄት፣ 750 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ካለ ግማሽ ኩባያ ኤርሾ። ጤፍ ካነሰ ሁለት እጅ ጤፍ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት ይሆናል፤ የገብስ ዱቄትም ይገኛል። በበጋቸው አንድ ቀን ከግማሽ ይበቃል፣ ሁለተኛው ቀን ካለፈ ይመራል። በክረምት ቤቱ የሚሞቀው ከወለሉ ሥር በሚሄድ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ነው፣ ኦንዶል ይባላል፤ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልሎ ወለሉ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ በሁለት ቀን ይነሳል። ከዚያ ላዩን ውኃ አጥልሎ፣ ግማሽ ኩባያ ሊጥ በአንድ ኩባያ ተኩል የፈላ ውኃ እያማሰሉ አብሲት መጣል፣ ለብ ሲል መመለስ፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ። ዓይን ካልከፈተ መጥበሻው አልጋለም ወይም ሊጡ ወፍሯል። ከታች ከተጣበቀ ክዳኑ ቶሎ ተከድኗል፤ ዓይኑ ከወጣ በኋላ ነው የሚከደነው።

ሽንኩርታቸው ትልቅ፣ ጣፋጭና ውኃ የሚበዛው ነው። ያለ ዘይት ረዘም አድርጋ ካላቁላላችው ወጡ ይቀጥናል፣ ይጣፍጣልም። ጎቹጋሩ የሚባለው ቃሪያ ዱቄታቸው ቀለም እንጂ በርበሬ አይሆንም። በርበሬውንና ሽሮውን ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጥ፤ ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ መጨረሻ ያለው ዝናብ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን ሁሉ ያሻግታል።

ሀን ወንዝ፦

ኤርሾ ሁሉንም ብሎታል፣ አንድ ልጨምር። ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ ጎሺዎን ውስጥ አይሆንም፣ ኮሪደሩም ክፍሉም የጭስ ጠቋሚ አለው፤ ከጮኸ ሕንፃው ሁሉ ይወጣል። የተቆላ ቡና ይላኩላት። ሙቀጫም አታምጣ፤ በፎቅ መካከል ድምፅ ማሰማት እዚያ የጎረቤት ጠብ ዋና ምክንያት ነው።

ወለል ማሞቂያ፦

ሰበታ ሲንቾን ጎሺዎን ይሻላል ያለውን ግማሹን ነው የምስማማበት። ወጥ ሠርታ የምትበላ ልጅ በጋራ ወጥ ቤት አራት ወር አትቆይም። በርበሬ ሲቁላላ ፎቁ ያስላል፣ ፍሪጁም የጋራ ነው። ማስያዣው ከተገኘ በአንድ ወር ወይም በወር ተኩል ውስጥ ዎንሩም ብትገባ ይሻላታል። ግን የመብራቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ሂሳብ ታስብበት፤ ጎሺዎን ውስጥ የማይታየው የማሞቂያ ጋዝ ዎንሩም ውስጥ በጃንዋሪ ወጪውን ከፍ ያደርገዋል።

ማሞቂያውን ግድግዳ ላይ ያለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው የሚያዘው። ክፍሉን 21 ወይም 22 ዲግሪ ላይ አድርጎ መተው እያጠፉ እያበሩ ከማሞቅ ይቀላል፤ ወለሉ ከቀዘቀዘ ለመመለስ ሰዓታት ይወስዳልና። በክረምት ለጉዞ ስትወጣ ጨርሶ አታጥፋው፣ «ውጭ ነኝ» የሚለው ቁልፍ አለ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ሲወርድ ደግሞ የሙቅ ውኃ ቧንቧውን እንደ ክር ቀጭን አድርጎ እያፈሰሱ ማደር ነው፤ አለዚያ ቧንቧው ይቆርራል፣ ጥገናውም ተከራዩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ወፍራም ካፖርት ከዚህ አትግዙ፤ የመርካቶው ለዚያ ብርድ አይሆንም፣ እዚያ በኦክቶበር ይገዛል። ጫማ በሚሊ ሜትር ነው የሚለካው፣ 38 ቁጥር 240 ነው።

የኮዬዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ልጆቼ። ቅቤውን አውጥቻለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ልጄ ጾመኛ ናት፣ ውጭ ስትበላ ምን ትላለች? ጎን ለጎን ሥራ ልሥራ ትላለች፣ ይፈቀዳል? ሕክምናውን ደግሞ ማንም አልመለሰልኝም።

ሰበታ ሲንቾን፦

ሕክምናው፦ የተማሪ ቪዛ ያለው ሲመዘገብ የመንግሥት ጤና መድን ውስጥ በግዴታ ይገባል። ወርሃዊው ለተማሪ በቅናሽ ሆኖ ከ70,000 ዎን በላይ ነው። ስኮላርሺፑ ይክፈልላት አይክፈልላት ከአሁኑ ትጠይቅ፣ ካልተከፈለ ቪዛ ሲታደስ ያስቸግራል። ስትታመም መጀመሪያ ትልቅ ሆስፒታል አትሂድ። ሰፈር ውስጥ በየዘርፉ ትንንሽ ክሊኒክ አለ፣ እዚያ የምትከፍለው ከወጪው 30 በመቶውን ነው። ትልቁ ሆስፒታል ከክሊኒክ የተጻፈ ሪፈር ይፈልጋል፣ ካለ እሱ መድኑ አይሸፍንም። መድኃኒቱ የሚገዛው ከክሊኒኩ ውጭ ካለው ፋርማሲ ነው። አምቡላንስ 119፣ ፖሊስ 112፤ ለቪዛ ጥያቄ 1345 በእንግሊዝኛም ይመልሳል።

ሥራ፦ ይፈቀዳል፣ ግን አስቀድሞ በዩኒቨርሲቲው በኩል ከኢሚግሬሽን የትርፍ ሰዓት ፈቃድ ወጥቶ ነው። የሚፈቀደው ሰዓት በኮሪያኛ ፈተና ውጤቷ ይወሰናል። ፈቃድ ሳይወጣ «አንድ ቀን ብቻ ነው» ብሎ መጀመር ቪዛ ያስከፍላል። ስኮላርሺፑም የራሱ ክልከላ ሊኖረው ስለሚችል ውሉን ታንብብ።

ኤርሾ፦

ጾሙ ላይ ትጠንቀቅ፣ አትክልት የሚመስለው ሁሉ ጾም አይደለም። ኪምቺ ውስጥ የጨው ሽሪምፕና የዓሣ መረቅ አለ፤ የአኩሪ አተር ሾርባቸው የሚፈላው በደረቀ ዓሣ ውኃ ነው። «ስጋ የለውም» ቢሏት ይህንን አይጨምርም፣ ስለዚህ ስለ ስጋ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ እንቁላልና ስለ ወተት ለየብቻ የሚጠይቅ ጽሑፍ በኮሪያኛ አስጽፋ ስልኳ ላይ ታድርግ። ቢቢምባፕ (ከአትክልት ጋር የሚደባለቅ ሩዝ) ያለ ስጋና ያለ እንቁላል ማዘዝ ይቻላል፣ ግን ላዩ የሚደረገው ቀይ ድልህ አንዳንዴ ከስጋ ጋር የተቁላላ ስለሆነ ለብቻው ይምጣልኝ ትበል። የቡዲስት ገዳማት ምግብ ቤቶች ከስጋም ከዓሣም ንጹሕ ናቸው። ቤት ውስጥ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር ቡቃያ፣ እንጉዳይና ጎመን ርካሽ ነው። ቶፉውን ቆራርጣ፣ ውኃውን በጨርቅ ጨምቃ፣ በበርበሬ ቁሌት ብትሠራው ለዓቢይ ጾም ይበቃል።

ለመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ድርቆሽ ይላኩላት። በደንብ የደረቀ፣ በማሽን የታሸገ አንድ ኪሎ፤ እሳት ሳይነካው በቁሌት ፍትፍት ይሆናል፣ ሊጡ እስኪነሳም ያቆያታል።